የዴንግ ልጆች ሁሉ ዘመድ ናቸውን?

ጁባ ውስጥ ዴንግ የሚባል ሰው ማግኘት ቀላል ነው፤ የትኛው ዴንግ እንደሆነ መለየት ግን ጊዜ ይወስዳል። ሉዎል ዴንግ በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ ለዓመታት ሲጫወት በማሊያው ጀርባ የተጻፈው ይህ ስም ነበር። ዲፕሎማቱና ደራሲው ፍራንሲስ ማዲንግ ዴንግም በመጻሕፍታቸው ሽፋን ላይ የሚታወቁት በዚሁ ስም ነው። ሁለቱን ስሞች በአንድ የውጭ አገር መዝገብ ላይ ያየ ሰው የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የሉዎል አባት ግን አልዶ አጁ ዴንግ ናቸው፤ ስለዚህ ለሉዎል ዴንግ የአያቱ ስም ነው። የፍራንሲስ አባት ደግሞ የአቢዬው የንጎክ ዲንካ የበላይ አለቃ ዴንግ ማጆክ ነበሩ፤ ለእሳቸው ዴንግ የአባት ስም ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ሁለቱን ማዛመድ አይቻልም።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይሆንም። እኛም የራሳችንን ስም ከአባታችንና ከአያታችን ስም ጋር እናስከትላለን እንጂ ቤተሰቡ ሁሉ የሚጋራው አንድ ስም የለንም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጽ እያንዳንዱ ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ጋር የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ አገሩ ግን የቤተ ዘመድ ስሙን ሳይለምደው እስከ ዛሬ ቆይቷል። ጥሩነሽ ዲባባና ገንዘቤ ዲባባ ስማቸው የገጠመው አባታቸው ዲባባ ስለሚባሉ ነው፤ የጥሩነሽ ልጅ ዲባባ አይባልም።

የቤተሰብ ስም ጥያቄ በደቡብ ሱዳናውያን ላይ የመጣው ከስደት ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው) የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት እንደገና ከተነሳ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች በእግራቸው ወደ ጋምቤላ ምድር ገቡ። በኢታንግ፣ በፒኝዶና በዲማ ካምፖች አደጉ። በ1991 ደርግ ሲወድቅ እንደገና ተሰደው፣ በ1992 ኬንያ ውስጥ ካኩማ ደረሱ። ከእነዚህ ውስጥ ወደ 4,000 የሚጠጉት በአዲሱ ሺህ ዓመት መግቢያ ላይ አሜሪካ ሲወሰዱ የልደት ቀኑን ለማያውቅ ሁሉ ጃንዋሪ 1 ተሞላለት። የቤተሰብ ስም በሚለው ሳጥን ውስጥ ደግሞ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም አስገባ፤ የአንድ እናትና አባት ልጆች በተለያየ የቤተሰብ ስም የተመዘገቡበት ጊዜ ብዙ ነው። አሁን የእነዚህ ሰዎች ልጆች አድገዋል። ምራቃቸውን በብልቃጥ ልከው ዘራቸውን ያስመረምራሉ፤ የቤተሰባችን ስም ከየት መጣ ብለውም ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከልብ የሆነ ነው፤ መልሱ ግን ስሙ ውስጥ የለም።

ዴንግ በዲንካ እምነት ከዝናብና ከነጎድጓድ ጋር የተያያዘ መለኮታዊ ኃይል ነው። ዝናብ ሲዘንብ ለተወለደ ልጅ፣ ወይም በዚያ ኃይል ተለምኖ ለተገኘ ልጅ ይወጣል። ስሙ የዲንካ ብቻ ሆኖም አልቀረም። ከኑዌር ነቢያት ሁሉ ገናናው፣ በ1906 ያረፈው ንጉንዴንግ ቦንግ ስሙ የዴንግ ስጦታ እንደ ማለት ነው፤ ግዙፉን የአፈር ቁልል ያሠራበት ቦታም ዌች ዴንግ፣ የዴንግ መንደር፣ ይባላል። በእንግሊዞች ዘመን ከልጁ እጅ የተወሰደው የንጉንዴንግ በትር በ2009 ጁባ ሲገባ የተቀበሉት ሰዎች ለአንድ ነቢይ ቅርስ ብቻ አልነበረም ደስታቸው፤ ሁለቱ ሕዝቦች የሚጋሩት ስም ያለበት ታሪክ ነበር የተመለሰው። እንግዲህ ዴንግ በሚል ስም ብቻ ሰውየው ዲንካ ይሁን ኑዌር እንኳ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ሌላው የስም ምንጭ ከብት ነው። የነጻነቱ መሪ ጆን ጋራንግ ዴ ማቢዮር መቃብር ጁባ ውስጥ ነው፤ ሐውልታቸውን የሚያይ እንግዳ ‘ዴ’ የምትለዋን ከፈረንሳይ የመጣች ሊመስለው ይችላል። በዲንካ ‘የ’ ማለት ናት፤ የማቢዮር ልጅ ጋራንግ። ጋራንግ በዲንካ አፈ ታሪክ የመጀመሪያው ሰው ስም ነው፤ ማቢዮር ደግሞ ነጭ በሬ ነው። ማሉዋል ቀይ በሬ፣ ማጆክ ጥቁርና ነጭ በሬ። የከብቱ መልክ የሰው ስም ይሆናል፤ ልጁ የአያቱን ስም ይወርሳል። የጋራንግ ልጅ ማቢዮር ጋራንግ ይባላል፤ ስሙ በአንድ ትውልድ ዘልሎ ተመለሰ። እንዲህ ያለው መመላለስ ለውጭ መዝገብ ፈተና ነው። በቁመቱ ዝነኛ የነበረው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች፣ የቱራሌው ልጅ ማኑት ቦል ለወንድ ልጁ የቅድመ አያቱን የአለቃ ቦል ቾልን ስም አወጣለት። በአገሩ ደንብ ሲጠራ ቦል ማኑት ነው። የአሜሪካው መዝገብ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ ሲይዝ ግን ቦል ቦል ሆኖ ቀረ፤ የአባቱ ስም ከመካከል ተዋጠ። ቦል ራሱ ከመንታ ቀጥሎ ለሚወለድ ወንድ የሚወጣ ስም ስለሆነ በአገሩ ያሉት ቦሎች ብዙ ናቸው።

ጁባ የቆመችበት መሬት የባሪዎች ነው፤ የባሪዎች ስም ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ስለ ዘር ዝምተኛ ነው። ወንዶቹ በአወላለድ ተራ ቶምቤ፣ ላዶ፣ ዋኒ፣ ፒትያ ይባላሉ፤ ሴቶቹም የራሳቸው ተራ አላቸው። ፖለቲከኛው ጄምስ ዋኒ ኢጋ ዋኒ የተባሉት ሦስተኛ ወንድ ሆነው ነው። የቤተሰብ ስሙ ዋኒ የሆነ ሰው ውጭ አገር ብታገኙ የምታውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአባቶቹ አንዱ ሁለት ታላላቅ ወንድሞች ነበሩት።

ታዲያ ዘሩ የሚታወቀው በምንድን ነው? በቆጠራ ነው። የዲንካ ልጅ ስሙን፣ የአባቱን፣ የአያቱን እያለ ወደ ላይ ይወጣና መጨረሻ ላይ ጎሳው ላይ ይቆማል። ለምሳሌ ፓጎንግ ከጦር ጌቶች፣ ከመንፈሳዊ መሪዎቹ፣ ጎሳዎች አንዱ ነው፤ የእነዚህ መሪዎች ታሪክ ወደ አፈ ታሪኩ ሰው ወደ ኤይዌል ሎንጋር ይመለሳል። ኑዌሮች የአባት መስመራቸውን ቶክ ድዊል፣ የጎጆ በር፣ ይሉታል። ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚያጋባ ለእኛ ሰው ይህ የሚገባ ነገር ነው። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት፣ ምንጅላት ብለን የምንወጣው ለጌጥ አይደለም፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። ዲንካ ውስጥ የዘመድ ጋብቻ አኬት፣ ኑዌር ውስጥ ሩዋል ይባላል፤ ሁለቱም በሽታና ሞት ያመጣሉ ተብለው ይፈራሉ። ስለዚህ ለሽማግሌዎች ትልቁ ፈተና ሙሽራውና ሙሽሪት የት እንደሚገናኙ ማወቅ ነው። ትክክለኛው የቤተሰብ ስም ይህ ቆጠራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዴንግ ከብዙ ቀለበቶች አንዱ ብቻ ነው።

ቆጠራው ድንበርም ይሻገራል። በጋምቤላ የሚኖሩት ጋጃኮች የምሥራቅ ጂካኝ ኑዌር ናቸው፤ ወንድሞቻቸው በሶባት ወንዝ በኩል ደቡብ ሱዳን ውስጥ አሉ። የጂካኞች የጋራ አባት ኪር ይባላል። እንደ ራሳቸው ትውፊት ኪር በቅል ውስጥ ሆኖ በወንዝ ሲንሳፈፍ የተገኘ፣ ከዲንካ ወገን የመጣ ሰው ነው። አንድ ትልቅ የኑዌር ነገድ መነሻዬ ዲንካ ነው ብሎ ራሱ መናገሩ ለዛሬዋ ጁባ የሚጠቅም እውነት ነው፤ በታኅሣሥ 2013 ሰው በማንነቱ ተለይቶ በተገደለባት ከተማ በተለይ።

ቆጠራው ግን የደም መዝገብ ነው ማለት አይደለም። ኤድዋርድ ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባሉት እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ1930ዎቹ ኑዌሮችን ሲያጠኑ በአብዛኞቹ ነገዶች ውስጥ ቢያንስ ግማሹ ሕዝብ ከዲንካ የተወለደ ሳይሆን አይቀርም ብለው ገምተዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኑዌሮች ወደ ምሥራቅ ሲስፋፉ የማረኩትንና ተጠግቷቸው የመጣውን ሰው መሥዋዕት አቅርበው በመስመራቸው ውስጥ አስገቡት፤ የልጅ ልጁም የአስጠጊውን አባቶች እንደ ራሱ ይቆጥራል። ከዚህም ሌላ ወንድ ልጅ ሳይወልድ ለሞተ ሰው የሚደረግ ጋብቻ አለ። ወንድሙ በሟቹ ስም ከብት ሰጥቶ ሚስት ያገባለታል፤ የሚወለዱት ልጆች የሟቹ ናቸው፣ ስማቸውም በእሱ ይቆጠራል። መውለድ ያልቻለች ሴትም የራሷን ከብት ሰጥታ ሌላ ሴት ልታገባ ትችላለች። ለተገባችው ሚስት ወንድ ይመረጥላታል፤ ልጆቹ ግን አባት የሚሉት ከብት የሰጠችውን ሴት ነው። በዚህ አገር አባትነትን የሚያጸናው የጥሎሹ ከብት ነው፤ ያስወለደው ሰው ሁለተኛ ነው።

የዘረመል ምርመራ የሚገባው እዚህ መካከል ነው። ዋይ ክሮሞሶም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ እምብዛም ሳይለወጥ ይተላለፋል። እንግሊዝ አገር የቤተሰብ ስምም በዚያው መንገድ ስለሚወረስ፣ የኦክስፎርዱ የዘረመል ሊቅ ብራያን ሳይክስ በ2000 የራሳቸውን ስም የሚጋሩ ሰዎችን መርምረው ወደ ግማሽ የሚጠጉት አንድ ዓይነት ክሮሞሶም እንዳላቸው አገኙ፤ ስሙ ከአንድ ሰው የተነሳ ይመስላል። ዴንግ የሚባሉትን ሁሉ ሰብስቦ እንዲህ መመርመር ከንቱ ድካም ይሆናል፤ የሚገኘው የአገሩ ጠቅላላ ስብጥር ብቻ ነው። ፓጎንግ ነን ወይም ጋጃክ ነን የሚሉትን መመርመር ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ መስመሩ ከአንድ አባት የተነሳ መሆኑ፣ ስንት ሰው በማደጎ እንደተቀላቀለበትም ሊታይ ይችላል። በሟች ስም የተወለደ ልጅ ያስወለደው የሟቹ ወንድም ከሆነ ክሮሞሶሙ ያው የቤተሰቡ ነው፤ ከብት የሰጠችው ሴት ልጆች ግን በቆጠራቸው ውስጥ የሌለ ሰው ክሮሞሶም ይዘው ይገኛሉ።

ለጊዜው ሳይንሱ የሚያውቀው ከዚህ በጣም የራቀውን ዘመን ነው። በ2008 የታተመ የሱዳን ሕዝቦች ጥናት ከተመረመሩት የዲንካ ወንዶች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ኤ-ኤም13 የተባለውን ጥንታዊ የአባት መስመር አግኝቷል፤ ሽሉኮችም በብዛት አላቸው። ይኸው መስመር በኢትዮጵያ ደጋ፣ በአማራውና በቤተ እስራኤል መካከልም ይገኛል። ይህ ደስ የሚል ዝምድና ነው፤ ግን ዲንካ፣ ኑዌር፣ አማራ የሚሉ ስሞች ከመፈጠራቸው እጅግ ቀድሞ የነበረ ዝምድና ስለሆነ አንድን ሰው ከማን ወገን እንደሆነ አይነግረውም። የእናት መስመር በሌላ መንገድ፣ በሚቶኮንድሪያ በኩል፣ ይሄዳል፤ የአባቶች ቆጠራ እሱን ጨርሶ አይነካውም። ለናሙና የተወሰዱት ሰዎችም ጥቂት ናቸው። ናይሎቲክ የሚባሉትን ሕዝቦች ወክለው በቤተ ሙከራ ማነጻጸሪያ የሚሆኑት ብዙውን ጊዜ ዲንካዎች ስለሆኑ የባሪ ልጅ ለዲንካ ትቀርባለህ ቢባል ሊያስደነግጠው አይገባም፤ ማነጻጸሪያ የነበረው ዲንካ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጁባ ግን የቤተ ሙከራ ውጤት አትጠይቅም፤ ሰው ትጠይቃለች። የ2011 የዜግነት ሕግ ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ በአባት ወይም በእናት በኩል ደቡብ ሱዳን ውስጥ የተወለደለት፣ ወይም ከአገሩ ነባር ማኅበረሰቦች የአንዱ ወገን የሆነ ሰው ዜጋ ነው ይላል። ሕጉ የእናትን መስመር እኩል አድርጎታል። በተግባር ግን ከአባት ወገን የሆነ ዘመድ እንዲመሰክር ሲጠየቅ መቆየቱን ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል፤ አባቱን በጦርነት ያጣ፣ በእናቱ ቤት ያደገ ልጅ በዚህ ይጎዳል። ይህ መታረም አለበት፤ ሕጉ አስቀድሞ አርሞታልና ማክበር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የዴንግን አመጣጥ ከሩቅ አገር ሆኖ ለሚጠይቅ ወጣት የምመክረው ብልቃጡን ከመግዛቱ በፊት ስልክ እንዲደውል ነው። አጎቱን፣ የአባቱን አክስት፣ የአያቱን ታናሽ ይጠይቅ። ዴንግ ስንተኛው አባት ነው? የእሱ አባት ማን ነበር፣ ጎሳውስ? ያ ጎሳ ለየትኛው እንስሳ ወይም ዛፍ ክብር ይሰጣል፣ ከማንስ ጋር አይጋባም? የእናቱ ወገኖች እነማን ናቸው? ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት ደግሞ አያቱ በማን ከብት፣ በማንስ ስም እንደተዳሩ ነው።