ሁከት በንግድ ላይ ያደረሰው ጉዳት፤ ከኪሱሙ እስከ ካምፓላ

በከተማ ሁከት በተነሣ ጊዜ ጉዳቱ የሚቈጠረው አብዛኛውን ጊዜ በተቃጠለው ሱቅና በተሰበረው መስተዋት ነው። ነገር ግን ንግድ እርስ በርሱ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል እንደሚባለው፥ ከጠቡ ርቆ የሚኖረውም ሰው ዕዳውን ይከፍላል። ለዚህም በኬንያ የደረሰውን መመልከት ይበቃል።

በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 27 ቀን 2007 በተደረገው ምርጫ ምዋይ ኪባኪ አሸነፉ ተብሎ ከሦስት ቀን በኋላ በተነገረ ጊዜ፥ የራይላ ኦዲንጋ ደጋፊዎች ድምፁ ተሰርቋል ብለው ተነሡ፤ ሁከቱም ወዲያው የጐሣ መልክ ያዘ። በሁለት ወር ውስጥ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፥ 600,000 ያህል ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ባለችው በኪሱሙ ብዙ ሱቆች ተዘርፈው ተቃጠሉ፤ ከእነዚህም የሕንድ ተወላጆች ንብረት የሆኑ ጥቂቶች አልነበሩም። ዘራፊው ለአንድ ቀን ጠገበ። በማግስቱ ግን ከጅምላ ሻጩ ዱቄትና ስኳር ወስዳ በጉልት የምትቸረችረው ሴት የምትሸጠው አጣች፤ ዕቃ አውራጁም እንጀራው ከአሠሪው ሱቅ ጋር አብሮ ተቃጠለ። ተራው የእሳት ኢንሹራንስ ውልም በልዩ ክፍያ ካልተጨመረበት በቀር የሕዝብ ሁከት ያደረሰውን ጥፋት ስለማይሸፍን፥ ብዙ ነጋዴ ባዶ እጁን ቀረ። (ውልን ከመሳቢያ አውጥቶ ደኅና ቀን ሳለ ማንበብ ለማንም ነጋዴ አይከፋም።) በናይቫሻ ደግሞ የአበባ እርሻ ሠራተኞች በጐሣቸው ምክንያት እየታደኑ ሲሸሹ፥ ወደ አውሮፓ የሚላከውን አበባ የሚቈርጥ እጅ አነሰ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የመንገዱ ነገር ነው። ዑጋንዳና ሩዋንዳ የባሕር በር የሌላቸው በመሆናቸው፥ በዚያን ጊዜ ብዙ ነዳጅና ሸቀጥ የሚደርሳቸው በሞምባሳ ወደብ በኩል ነበር። አውራ ጐዳናው በድንጋይና በሚቃጠል ጎማ ተዘጋ፤ በናይሮቢ ኪቤራ ሠፈርም የባቡሩ ሐዲድ ተነቀለ። በዚህ ጊዜ በኬንያ ምርጫ አንዲት ድምፅ ያልሰጠው የካምፓላ ሹፌር ቤንዚን በዕጥፍና ከዚያም በላይ ይገዛ ጀመር። የአስተዳዳሪ ጥበቃ በገበያው አጥር የማይወሰን መሆኑ የታየው በዚያን ጊዜ ነው፤ የጭነት መኪናዎች በታጠቀ ኃይል እየታጀቡ በጓድ እንዲጓዙ እስኪደረግ ድረስ ዕቃው ባለበት ቆሞ ነበር።

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2008 በኮፊ አናን ሽምግልና ሁለቱ መሪዎች ሥልጣን ለመካፈል ተፈራረሙ፤ መንገዱም ተከፈተ። ይሁን እንጂ በ2007 ሰባት በመቶ ገደማ የነበረው የአገሪቱ የኢኮኖሚ ዕድገት በ2008 ከሁለት በመቶ በታች ወረደ። በስምጥ ሸለቆ አውራጃ ሱቅና እርሻ ከነበራቸው ተፈናቃዮችም ብዙዎቹ፥ ጎረቤቶቻቸውን ዳግመኛ ማመን አቅቷቸው፥ ዓመታት በድንኳን አሳለፉ።