ድንገት በሞተ ከብት ላይ ቢላ አይነሣም

«አባ ሰንጋ እሳት አይችልም፤ ሥጋው በደንብ ከተቀቀለ ማንንም አይጎዳም።» ይህ ምክር በየገበያውም በየስልኩም ይዞራል። አንዳንዱ ሎሚና ሚጥሚጣ ይጨምርበታል። ሌላው ደግሞ «ነፍሱ ሳትወጣ ፈጥነው ካረዱትና ደሙን በደንብ ካፈሰሱት ሥጋው ንጹሕ ነው» ይላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። ይህን ሲሰሙ «ባላገሩ አያውቅም» ብሎ ማለፍ የከተሜ ስንፍና ነው። ምክሩ የሚደመጠው በቂ ምክንያት ስላለው ነው፤ የሚገድለውም ሳይንሱ የሚያውቀውን አንድ ነገር ስለዘለለ ነው።

መሠረቱን ቶሎ ልለፈው። አባ ሰንጋ ባሲለስ አንትራሲስ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። በዋናነት የሚያጠቃው ከብት፣ በግ፣ ፍየል፣ ግመልና ሌሎች ሣር በሊታዎችን ነው። ሰው የሚይዘው ከታመመ ወይም ከሞተ እንስሳ፣ ከሥጋው፣ ከቆዳውና ከጠጉሩ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይዛመትም ማለት ይቻላል። በቆዳ፣ በምግብ ወይም በትንፋሽ ይገባል። በዓለም ላይ ከሚታወቁት የሰው የአባ ሰንጋ ሕመሞች ከ95 በመቶ በላይ የሆነው የቆዳው ዓይነት ነው፤ ዙሪያው አብጦ መሐሉ የሚጠቁር፣ የማያም ቁስል ያወጣል። ቁስሉ አለማመሙ ያዘናጋል። በጊዜ ከታከመ የሚሞትበት ሰው ከስንት አንድ ነው፤ ካልታከመ ግን ከመቶ ሰው አሥር፣ አንዳንዴም ሃያ ይገድላል። በምግብና በትንፋሽ የሚገባው ከዚህ እጅግ የከፋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በታመመ ከብት ደም ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በትር መሰል ለስላሳ ሕዋስ ነው። ይመገባል፣ ለሁለት ይከፈላል፣ ይራባል። በዚህ መልኩ ሳለ ደካማ ፍጡር ነው፤ የወጥ ሙቀት ይገድለዋል። ከብቱ ከሞተና ቆዳው ሳይቀደድ ከቆየ ደግሞ ውስጡ የነበረው ኦክስጅን ያልቃል፣ የአንጀት ባክቴሪያዎች በድኑን ማበስበስ ይጀምራሉ፣ የአባ ሰንጋው ባክቴሪያም በእነርሱ ተሸንፎ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛው ይሞታል። ያልተከፈተ በድን በሽታውን በውስጡ ይቀብረዋል ማለት ነው።

ቢላ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ደሙ አየር ያገኛል፣ የባክቴሪያው ምግብ እየመነመነ ይሄዳል፣ የአየሩ ሙቀትም ከተስማማ ሕዋሱ መራባቱን ትቶ ስፖር ወደ መሥራት ይዞራል። መጀመሪያ ራሱን እኩል ባልሆኑ ሁለት ክፍሎች ይከፍላል፤ ሁለቱም ሙሉ የዲኤንኤ ቅጂ ይይዛሉ። ቀጥሎ ትልቁ ክፍል ትንሹን ከብቦ ይውጠዋል፤ ግን አይፈጨውም። ድርብርብ ልባስ ይሠራለታል። ከውስጡ ውኃው ተመጥጦ ይወጣና በቦታው ካልሲየምና ዳይፒኮሊኒክ አሲድ የሚባል ውሁድ ይሞላል። ዲኤንኤው ጨረርና ኬሚካል እንዳይሰብረው በትንንሽ ፕሮቲኖች ይሸፈናል። ይህ ሁሉ በሰዓታት ውስጥ ሲጠናቀቅ ትልቁ ሕዋስ ይፈርስና የሺኛ ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው ደረቅ ስፖር ብቻውን ይቀራል። አይበላም፣ አይተነፍስም፣ አይራባም። በጎተራ የተቀመጠ ዘር ዝናብ እስኪያገኝ ሕይወቱን አምቆ እንደሚቆይ ስፖሩም በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይጠብቃል።

የሚጠብቀው ዝናብ ሳይሆን የእንስሳ ገላ ነው። በልባሱ ሥር ያሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች በደምና በሥጋ ውስጥ የሚበዙ እንደ አላኒን ያሉ አሚኖ አሲዶችን ሲያገኙ፣ ካልሲየሙና አሲዱ በደቂቃዎች ውስጥ ተፈትልከው ይወጣሉ፤ ውኃ ይገባል፤ ሕዋሱም ይነቃል። ይህን ዑደት በ1876 እ.ኤ.አ. በአጉሊ መነጽር ተከታትሎ ያሳየው ሮበርት ኮክ ያኔ በአንዲት ትንሽ የጀርመን ከተማ የወረዳ ሐኪም ነበር። ባክቴሪያውን ያሳደገው ከበሬ ዓይን በወሰደው ፈሳሽ ውስጥ ነው። አንድ የተወሰነ ተሕዋስ አንድ የተወሰነ በሽታ እንደሚያመጣ የታየበት የመጀመሪያው ጠንካራ ማስረጃ ይኸው የአባ ሰንጋ ሥራ ሆነ።

እንግዲህ ወደ ድስቱ እንመለስ። ትኩስ ሥጋ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ለስላሳው ሕዋስ ስለሆነ በደንብ የተቀቀለ ሥጋ የበላ ሰው ብዙ ጊዜ ምንም ላይሆን ይችላል። ወሬውን በሕይወት ያቆየው ይህ ነው፤ «እኛ በልተን ምን ሆንን?» የሚለው ሰው እየዋሸ አይደለም። ነገር ግን ሥጋው ላይ ስፖር ከተሠራ ድስት አይታመንም። ቤተ ሙከራ ስፖርን ለመግደል በግፊት ታግዞ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ እንፋሎት ይጠቀማል። በባሕር ጠለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የወፍራም ሙዳ መሐሉ ደግሞ እዚያም ለመድረስ ይዘገያል። ጥሬ ሥጋና ክትፎ በሚወደድበት አገር «በደንብ ከተቀቀለ» የሚለው ሁኔታ ራሱ ስንት ጊዜ እንደሚሟላ አንባቢ ያውቀዋል።

ድስቱ ላይ መከራከራችን ራሱ ስሕተት ነው። ሥጋው እሳት ከማየቱ በፊት ቆዳውን የገፈፈው፣ ሆድ ዕቃውን ያጠበችው፣ ቆዳውን ተሸክሞ ገበያ የወሰደው ሁሉ ነክተውታል። ደም ማፍሰሱ ከሁሉ የከፋው ነው። ሊሞት በተቃረበ ከብት አንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ባክቴሪያዎቹ በመቶ ሚሊዮኖች ሊቆጠሩ ይችላሉ። ያንን ደም መሬት ላይ ማፍሰስ በመጪው ዓመት ከብቱ በሚግጥበት ሣር ሥር ስፖር መዝራት ነው።

ስፖሩ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ዓለም በከባድ ዋጋ ተምሯል። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942 እ.ኤ.አ.፣ በስኮትላንድ ግሩናርድ ደሴት ላይ አባ ሰንጋን በጦር መሣሪያነት ሞከሩት። ደሴቲቱ በፎርማልዲሃይድ ታጥባ ከስጋት ነጻ መሆኗ የታወጀው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛም አገር በ1999 እ.ኤ.አ. በማጎ ብሔራዊ ፓርክ በተነሣው ወረርሽኝ ከአንድ ሺህ በላይ የዱር እንስሳት አልቀዋል፤ አብዛኞቹ አምባራይሌ ነበሩ።

እዚህ ላይ ሙያው ራሱ የሚከራከርባቸውን ነገሮች በግልጽ ማስቀመጥ ይገባል። ባክቴሪያው በአፈር ውስጥ ተኝቶ ብቻ ይቆያል ወይስ አልፎ አልፎ በእፅዋት ሥር አካባቢና በአሜባ ውስጥ ይራባል? ሁለቱንም የሚደግፉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ሚዛኑ አሁንም ወደ መተኛቱ ያደላል። በካልሲየም የበለጸገ፣ አሲድነቱ ዝቅተኛ የሆነ አፈር ለስፖሩ እንደሚመች ግን ብዙዎች ይስማማሉ፤ በዚህም የተነሣ ቀድሞ ይመከር የነበረውን በበድን ላይ ኖራ መነስነስ ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች አይደግፉትም። በ2016 እ.ኤ.አ. በሩሲያ ያማል ከሁለት ሺህ በላይ አጋዘኖች ሲሞቱና አንድ ልጅ ሲቀጠፍ ዜናው ሁሉ «በረዶ ሲቀልጥ ጥንታዊ በሽታ ተነሣ» አለ። ሙቀቱ ያልተለመደ እንደነበር እርግጥ ነው። ግን በዚያ አካባቢ የአጋዘን ክትባት ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተቋርጦ ነበር። ለእኔ የሚከብደው ይህ ሁለተኛው ምክንያት ነው፤ ሙቀቱ ላይ ብቻ ማላከክ የሰውን ድርሻ ይሰውራል።

ክትባት ሲቆም የሚመጣውን ከሁሉ አጉልታ ያሳየችው የዛሬዋ ዚምባብዌ ናት። በነጻነት ጦርነቱ መጨረሻ ዓመታት የእንስሳት ሕክምና አገልግሎቱ ሲፈርስ፣ ከ1978 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ከ10,000 በላይ ሰዎች በአባ ሰንጋ ታመሙ። ድሃው ገበሬ በሬውን፣ ወተቱንና እርሻውን አንድ ላይ አጣ፤ በረሃብ ላይ ስለነበረም የሞተውን አርዶ በላ፤ በመብላቱም ታመመ። የበሽታው ጤናዊና ኢኮኖሚያዊ ጉዳት ተለያይቶ ሊቆጠር የማይችለው ለዚህ ነው። በእኛም ዘንድ ሰኔ ላይ ጥማዱ የጎደለበት ገበሬ የሚያጣው የአንድ በሬ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የዓመቱን ማሳ ነው። ጉዳቱ ከመንደርም ይወጣል። በ2006 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ከምዕራብ አፍሪካ በመጣ ቆዳ ከበሮ ይሠራ የነበረ ሰው በትንፋሹ ስፖር ገብቶ ታሟል። እንዲህ ያለ አንድ ዜና የአንድን አገር ሙሉ የቆዳ ንግድ ያስጠረጥራል።

መከላከያው አዲስ አይደለም። ሳይንቲስቱ ሉዊ ፓስተር በ1881 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ፑዪ ለ ፎር መንደር ለሕዝብ ባሳየው ሙከራ ያልተከተቡት በጎች ሲረግፉ የተከተቡት ቆመው ታዩ። ዛሬ በብዙ አገር የሚሰጠውን ክትባት የሠራው ግን ማክስ ስተርን ነው፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ መከላከያ ሽፋኑን መሥራት የማይችል ደካማ ዘር አገኘ። ይህ ክትባት በአገራችንም ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። በየዓመቱ፣ የበሽታው ወቅት ከመድረሱ ሳምንታት አስቀድሞ መሰጠት አለበት። ሕያው ክትባት ስለሆነም ከአንቲባዮቲክ ጋር አንድ ላይ አይሰጥም፤ መድኃኒቱ ክትባቱን ይገድለዋል።

ሳይከተብ የሞተ በሬ ያለው ሰው «ቅበረው» ሲባል ግን በባዶ እጁ ነው የሚቀብረው። ለሚቀብረው በሬ አንዳች ካሣ እስካልተከፈለው ድረስ ቢላው ከእጁ አይወርድም፤ ክትባትና ካሣ የአንድ በጀት ሁለት መስመሮች ሊሆኑ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

እስከዚያው አንባቢ ሆይ፣ ገጠር ላሉ ዘመዶችዎ ይህን ይንገሩልኝ። ድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ደም የሚፈሰው፣ በድኑም ደርቆ ግትር የማይል ከብት አይታረድ፣ አይገፈፍ፣ አይከፈት። ጅብና ውሻ እንዳይቀድዱት በእሾህ ይከለል፤ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያም ይጠራ። እርሱ ከጆሮው ትንሽ ደም ወስዶ ይመረምራል፤ ሆድ መቅደድ አያስፈልገውም። ከዚያ ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር። እጁ ላይ የማያም ጥቁር ቁስል የወጣበት ሰው ደግሞ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የሞተ ከብት መንካቱንም ሳይደብቅ ይናገር።