ማረሻ የማይገባበት እርሻ

ለጥምቀት በዓል በየቤታችን ጠላ ይጠመቃል፤ ጌሾ የሌለበት ጠላ ግን ጠላ አይባልም። ታቦቱ ወደ መንበሩ ከተመለሰ በኋላም ቡና ሳያፈላ እንግዳውን የሚሸኝ ቤት ጥቂት ነው። ይሁንና በከተማ የሚያድጉ ልጆቻችን ጌሾን የሚያውቁት ደርቆና ተወቅጦ በከረጢት፣ ቡናንም ጠቁሮ በጀበና ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ልጆችም ከዚህ የተለዩ አልነበሩም። ስለዚህ በ2010 ዓ.ም የጥምቀትን በዓል ባሕር ዳር ካከበርን በኋላ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቻችንን ይዤ ወደ ዘጌ ተጓዝሁ።

የሄድነው ጥር 14 ቀን፣ ሰኞ ነበር። ቀኑን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላና ቅዱስ ሚካኤል፣ ማግስቱም እሑድ በመዋሉ በእነዚያ ሦስት ቀናት ለቀማ የሚወጣ ገበሬ አይገኝም። ለልጆቹ ሥራን ማሳየት የሚሻ ወላጅ በበዓሉ ዕለት ሄዶ ዛፍ ብቻ አይቶ እንዳይመለስ ይህን ልብ ይበል።

ዘጌ በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ የሚገኝ፣ ወደ ውኃው ዘልቆ የገባ መሬት ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በጉዞው ላይ ክብራን ገብርኤል ይታያል። ጀልባ ነጂው ‹‹እዚህ የሚወርዱት ወንዶች ብቻ ናቸው›› ሲል የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ‹‹አባዬ፣ እኔና እማዬ ለምን አንወርድም?›› አለችኝ። የገዳም ሥርዓት መሆኑን፣ መነኮሳቱ በራሳቸው ላይ ያጸኑት ሕግ እንጂ ሴትን መናቅ አለመሆኑን፣ በዘጌ ያሉት ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግን ሴቶችንም እንደሚቀበሉ አስረዳኋት። በመንፈሳዊ ኮሌጅ ሳለሁ ለፈተና የጻፍሁት መልስ ከዚህ የረዘመ ነበር፤ እርሷን ግን ያረካት አልመሰለኝም። ፊቷን ወደ ውኃው መለሰች።

ከጀልባው መውረጃ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የእግር መንገድ በቡና መካከል ያልፋል። እርሻ ሲባል በዓይነ ኅሊናው የተገለጠ ማሳ የሚታየው ሰው እዚህ ሲደርስ ግር ይለዋል፤ የሚያየው ደን ነውና። ከላይ ዋንዛው፣ ሰሳውና ብሳናው ጥላቸውን ዘርግተዋል፤ ከሥራቸው ቡናው፣ ከቡናው ጎን ጌሾው፣ አልፎ አልፎም ሎሚው ይታያል። ቡና በተፈጥሮው ጥላ ወዳድ ተክል ነው። ከዛፎቹ የሚረግፈው ቅጠል አፈሩን ይሸፍናል፤ በስብሶም መልሶ ሥሩን ይመግባል። ከዝናብ በኋላ የሚፈነዳው ነጭ አበባ ቀይ ፍሬ እስኪሆን ድረስ ስምንት ወር ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ገበሬው የሚለቅመው ያለፈውን ዓመት ዝናብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአካባቢው ትውፊት እንደሚነገረው፣ አቡነ በትረ ማርያም ወደዚህ ሥፍራ በመጡ ጊዜ ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን ለሕዝቡ መተዳደሪያ አድርገው ሰጡ፤ ምድሩ በበሬ እንዳይታረስ፣ የቀንድ ከብትም እንዳይረባበት ሥርዓት አኖሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የአገሪቱን የመሬት ይዞታ ሲለውጥ እንኳ ይህ ሥርዓት በሕዝቡ ዘንድ ጸንቶ ቆይቷል።

በመንገዳችን ላይ ከቤተሰባቸው ጋር ቡና ይለቅሙ የነበሩ አንድ አረጋዊ ልጆቹን ተቀብለው ቅርጫት ሰጧቸው። ‹‹ቀዩን ብቻ፤ አረንጓዴውን ለሳምንት ተዉት›› አሏቸው። ታናሹ ልጄ ግን እጁ የደረሰበትን ሁሉ ይሸመጥጥ ስለነበር ግማሹ ተጣለበት። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ የሚደርስ ቀይ ፍሬ ያስፈልጋል። ሁለቱ ልጆች አንድ ሰዓት ሙሉ ለቅመው ያመጡት፣ ባለቤቴ እንዳሰላችው፣ ለቤታችን የአንድ ሳምንት ቡና እንኳ አይሆንም ነበር። ይህም ገና ሳይደርቅ፣ ጀንፈሉ ሳይወቀጥ፣ ገለባው ሳይነፋ ነው።

ልጄ ለቀማዋን ሳታቋርጥ ‹‹አባባ፣ በበሬ ማረስን ማን ከለከላችሁ?›› ስትል ጠየቀቻቸው።

‹‹አባታችን ናቸው፣ ልጄ።››

‹‹ባትታዘዙስ?››

አረጋዊው ሳቅ ብለው በጣታቸው ወደ ዋንዛው ጫፍ አመለከቱ። ‹‹ባንታዘዝ ኖሮ ይህን ጥያቄ ፀሐይ ላይ ቆመሽ ነበር የምትጠይቂኝ።››

ከዚያም ወደ እኔ ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ‹‹ዲያቆን፣ ሕጉን የጠበቅነው ጠግበን አይደለም›› አሉኝ። ከማያርሱት ምድር ጤፍ አይገኝም፤ እንጀራው ከቡናና ከጌሾ ሽያጭ ይገዛል። የቡና ዋጋ ሲወርድ ሌማቱም አብሮ ይጎድላል። በዚያን ጊዜ ከመጥረቢያ በቀር ሌላ የማይታየው ሰው ይኖራል፤ ማገዶ በባሕር ዳር ገበያ ገዢ አያጣምና። ጥላ የሰጠው ዛፍ ሲወድቅ ደግሞ ቡናው ይከተለዋል።

የዑራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕሎች ብዙ የተጻፈባቸው ስለሆኑ እዚህ አልመለስባቸውም። ጣናና አካባቢው በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ መመዝገቡ ግን የሚያስደስት ነገር ነው። ይሁን እንጂ መዝገብ ለገበሬው ጤፍ አይገዛለትም። ወደ ዘጌ ለመሄድ የሚያስብ ቤተሰብ አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ፤ ከደረሰም ቡናውንና ጌሾውን ከለቃሚው እጅ ይግዛ፤ ዋጋም አብዝቶ አይከራከር። እኛ ሁለት ኪሎ ጀንፈልና አንድ እቅፍ የጌሾ ቅጠል ገዛን፤ ጌሾውን ልጄ ለማንም አላስያዘችም።

ስንመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። እንጨት እስከ አፏ የጫነች የደንገል ታንኳ ከእኛ ራቅ ብላ ወደ ባሕር ዳር ትቀዘፍ ነበር። ልጄ ብዙ ስታያት ቆየችና ጠጋ ብላ ‹‹አባዬ፣ ያ ዋንዛ ይሆን?›› አለችኝ።

ከርቀቱ የተነሣ ለይቼ ልነግራት አልቻልሁም።