ፋሲካንና ኢድን የሚያገጣጥመው ቁጥር

በ2014 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 16፣ ኢድ አልፈጥር ሚያዝያ 24 ዋለ። ክርስቲያንና ሙስሊሙ በጉርብትናና በጋብቻ ተሳስሮ በሚኖርባቸው በደሴና በኮምቦልቻ እንዲህ ያለ ዓመት ድግሱ ድርብ ነው። ሁለቱ በዓላት በየ33 ዓመቱ ገደማ ይቀራረባሉ። ሁለቱ ቆጠራዎች አንድም ቀን ሳይዛነፉ ወደ ተነሡበት የሚመለሱት ግን መቼ ነው?

ከባሕረ ሐሳብ እንጀምር። ጳጉሜን በየ4 ዓመቱ 6 ትሆናለች፤ ሳምንት 7 ቀን ነው፤ ስለዚህ የፀሐይ ዑደት 28 ዓመት ይሆናል። የጨረቃው ዑደት 19 ዓመት ነው። 28 እና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው አብረው የሚገጥሙት በ532 ዓመት ነው፤ ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር ይሉታል። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፤ በ1486ም ሚያዝያ 4 ነበር፤ በ2550ም ያው ነው።

532 ዓመት ወደ ቀን ሲመነዘር 194,313 ይሆናል። ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ብናካፍለው 3 × 7 × 19 × 487 እናገኛለን። አራቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር የሚያካፍላቸው የለም። 7 የሳምንቱ፣ 19 የጨረቃው ነው፤ 3 በ487 ሲባዛ ደግሞ 1,461 ይሆናል፤ ይህም የአራት ዓመት ቀናት ልክ ነው።

በሂጅራው በኩል ወር የሚያዘው ጨረቃ ስትታይ ቢሆንም፣ የስሌት ሠንጠረዥም አለ። በሠንጠረዡ ከ30 ዓመት 19ኙ 354፣ 11ዱ 355 ቀን አላቸው፤ ድምሩ 10,631 ቀን ነው። ይህን በ2፣ በ3፣ በ5 እያልን እስከ 103 ብንሞክር አንዱም አያካፍለውም። ከዚያ በላይ መሞከርም አያሻም፤ ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው 10,631 ቢሰጡ አንዱ የግድ ከ104 ያንሳልና። 10,631 ራሱ ብቸኛ ቁጥር ነው።

ከደሴ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ አንዱ ታክሲ በየ4፣ ሌላው በየ6 ደቂቃ ይነሣል እንበል። ዛሬ አብረው ከተነሡ በ12ኛው ደቂቃ ዳግም ይገጥማሉ፤ 2 የጋራ አካፋያቸው ነውና 24 አይጠበቅም። በየ4ና በየ7 ቢሆን ግን እስከ 28 መጠበቅ ግድ ነው። 194,313 እና 10,631ም እንደዚያው ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ትንሹ የጋራ ብዜታቸው 2,065,741,503 ቀን፣ ማለትም 5,655,692 ዓመት ነው።

ይህ ግዙፍ ቁጥር ኢተጋማሽ ነው። 3፣ 7፣ 19፣ 487 እና 10,631 እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚገኙበት፣ ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ቁጥሮች በጠቅላላው 32 ናቸው። «ትንሹ የጋራ ብዜት ምን ያደርግልኛል?» የሚል ተማሪ ቤታችሁ ካለ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥታችሁ ይህን ስሌት አሠሩት።