ዌስቲንግሃውስን የጣለው ማሽኑ ሳይሆን ውሉ ነው

ዌስቲንግሃውስ የኒውክሌር ኃይልን ለከተማ መብራት ካበቁት ኩባንያዎች ግንባር ቀደሙ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚሠሩት የኒውክሌር ማመንጫዎች ግማሽ ያህሉ ከእሱ ቴክኖሎጂ የተወለዱ መሆናቸውን ኩባንያው በኩራት ይናገራል፤ ኩራቱም መሠረት አለው። ሆኖም በ2017 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዕዳው ከአቅሙ በላይ ሆኖ ከአበዳሪዎቹ እንዲጠበቅ ፍርድ ቤት ገባ። ብዙዎች ይህን የኒውክሌር ዘመን ማብቂያ አድርገው ቆጠሩት። የኩባንያው የመቶ ሠላሳ ዓመት ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይመሰክራል። ዌስቲንግሃውስን መሐንዲሶቹ አልጣሉትም፤ የጣለው በእጁ ላልነበረ ነገር አስቀድሞ ዋጋ ቆርጦ መፈረሙ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከባቡር ፍሬን ነው። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1869 በታመቀ አየር የሚሠራ የባቡር ፍሬን ፈጥሮ የፓተንት ባለቤት ሆነ። ቀድሞ ሠራተኞች ከፉርጎ ፉርጎ እየዘለሉ ፍሬኑን በእጃቸው ማጥበቅ ነበረባቸው። በፈጠራው ያገኘውን ገንዘብና ስም ይዞ በ1886 በፒትስበርግ የኤሌክትሪክ ኩባንያ አቋቋመ። የገበያው ጌታ ያኔ ቶማስ ኤዲሰን ነበር። የኤዲሰን ቀጥተኛ ጅረት ግን በዝቅተኛ ቮልቴጅ ስለሚጓዝ ከማመንጫው ብዙ ሳይርቅ በሽቦው ውስጥ ወደ ሙቀት እየተለወጠ ይባክናል። ተለዋዋጭ ጅረት ይህን የሚፈታው በትራንስፎርመር ነው፤ ቮልቴጁ ከፍ ተደርጎ ሩቅ ይላካል፣ ከተጠቃሚው ደጅ ሲደርስ ዝቅ ይደረጋል። ዌስቲንግሃውስ ይህን ራሱ አልፈለሰፈውም። የትራንስፎርመሩን መብት ከጎላርና ከጊብስ ገዛ፤ ዊልያም ስታንሊ አሻሽሎት በ1886 ግሬት ባሪንግተን የተባለችውን ትንሽ ከተማ አበራበት፤ በዚሁ ጅረት የሚሠራውን ሞተር ፓተንት በ1888 ከኒኮላ ቴስላ ወሰደ። የሰውየው ትልቅ ችሎታ የሌሎችን ሐሳብ አምኖ መክፈልና አገጣጥሞ አንድ የሚሠራ ሥርዓት ማድረግ ነበር። በ1893 የቺካጎን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አበራ፤ በ1896 ደግሞ ከናያግራ ፏፏቴ የመነጨው ኃይል ቡፋሎ ከተማ ደረሰ። ዛሬ በየቤታችን ሶኬት የሚመጣው ይኸው ተለዋዋጭ ጅረት ነው። ይህን ሁሉ ያደረገው ኩባንያ በ1907 የገንዘብ ቀውስ አሜሪካን ሲመታ በብድር ክምር ተይዞ ለአበዳሪዎች እጅ ሰጠ፤ መሥራቹም ሥልጣኑን አጣ። የማሽኖቹ ጥራት ያኔም አላዳነውም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ሃይማን ሪኮቨር ለሰርጓጅ መርከብ የሚሆን የኒውክሌር ሬአክተር ሲፈልግ ሥራውን ለዌስቲንግሃውስ ሰጠ። የተመረጠው ንድፍ ለማስረዳት ቀላል ነው። የዩራኒየም አቶሞች ሲሰነጠቁ የሚወጣውን ሙቀት ውሃ ይቀበለዋል፤ ውሃው በከፍተኛ ግፊት ስለታፈነ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ቢሞቅም አይፈላም። በቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለሌላ ውሃ ያስተላልፋል፤ እንፋሎት ሆኖ ተርባይኑን የሚያዞረው ይህ ሁለተኛው ውሃ ነው። ሁለቱ ስለማይቀላቀሉ ጨረር የነካው ውሃ ተርባይኑ ዘንድ አይደርስም። ኖቲለስ የተባለችው መርከብ በ1955 በዚህ ኃይል ባሕር ወጣች። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1957 መጨረሻ፣ በፔንስልቬንያ ሺፒንግፖርት ያው ንድፍ 60 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀመረ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አብዛኛውን ወጪ የሸፈነው መንግሥት መሆኑ ነው፤ ያልተሞከረ ነገር የመሥራት አደጋ በአምራቹ ላይ ብቻ አልተጣለም።

ኩባንያው ይህን ከለላ ትቶ ገበያ ሲወጣ ግን ሬአክተሩን ለመሸጥ ሲል ዩራኒየሙንም ለዓመታት በተወሰነ ዋጋ እንደሚያቀርብ መፈረም ጀመረ። ቃል ከገባበት ዩራኒየም አብዛኛውን ገና አልገዛውም ነበር። ከ10 ዶላር በታች የነበረው የአንድ ፓውንድ ዋጋ በጥቂት ዓመታት ወደ 40 ዶላር እያሻቀበ ሳለ፣ በ1975 ዌስቲንግሃውስ ውሉን መፈጸም እንደማይችል ለኤሌክትሪክ ኩባንያዎቹ አስታወቀ፤ ክሱም ተከተለ። ዋጋውን ያናሩት በድብቅ የተማከሩ ዩራኒየም አምራቾች ናቸው ብሎ ኩባንያው ተከራክሯል፤ እንዲህ ያለ ማኅበር መኖሩም እውነት ነው። ይህ ግን ያለ ክምችት መሸጡን አያጸድቅም፤ ከዋጋ መናር የሚያድን ቀድሞ መግዛት ብቻ ነበር።

ቀሪው ታሪክ በአጭሩ ይነገራል። ዋናው ኩባንያ በ1995 ሲቢኤስን ገዝቶ ወደ ቴሌቪዥን ዞረ፤ የኒውክሌሩ ክፍል ለብሪታንያ መንግሥት ድርጅት፣ በ2006 ደግሞ በ5.4 ቢሊዮን ዶላር ለጃፓኑ ቶሺባ ተሸጠ። በዌስቲንግሃውስ እጅ የነበረው አዲሱ ንድፍ ኤፒ 1000 ነበር። ይህ ሬአክተር አደጋ ቢደርስና ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ እንኳ በላዩ ካለው ጋን ውሃ በራሱ ክብደት እየወረደ ለ72 ሰዓት ያቀዘቅዘዋል። በ2008 በአሜሪካዎቹ ጆርጂያና ሳውዝ ካሮላይና ግዛቶች አራት ሬአክተሮች ለመሥራት ተፈራረመ። ዝርዝር ንድፉ ሳያልቅ ግንባታው ተጀመረ፤ የተሠራው እየፈረሰ እንደገና ተሠራ። በ2015 ወጪውን ማን ይክፈል በሚል ከግንባታ ድርጅቱ ጋር የተነሣውን ክርክር ለመዝጋት ድርጅቱን ራሱን ገዛና የትርፍ ወጪውን አብዛኛውን ሸክም በገዛ ትከሻው ላይ አደረገ። ከሁለት ዓመት ያነሰ ጊዜ ብቻ ቆመ። የሳውዝ ካሮላይናዎቹ ሁለት ሬአክተሮች 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፈሰሰባቸው በኋላ ተተዉ፤ የጆርጂያዎቹ በ2023 እና በ2024 ሥራ ቢጀምሩም ወጪያቸው ከ30 ቢሊዮን ዶላር አለፈ።

ጥፋቱ የኒውክሌር ኃይል የራሱ ነው፣ ምንጊዜም ውድ ነው የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ከ1979ኙ የስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሌር አደጋ በኋላ ቁጥጥሩ ጠብቋል፣ የተፈጥሮ ጋዝም ረክሷል። ነገር ግን ፈረንሳይ በዚሁ በዌስቲንግሃውስ ፈቃድ ጀምራ አንድ ዓይነት ሬአክተር በተከታታይ በመሥራት ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ከኒውክሌር አገኘች። ቻይናም የመጀመሪያዎቹን አራት ኤፒ 1000ዎች፣ ቢዘገዩም፣ ጨርሳ እያሠራቻቸው ነው። ማሽኑ ያው ነው፤ የተለየው ማን አደጋውን እንደተሸከመና ንድፉ መቼ እንዳለቀ ነው። ቁርጥ ዋጋ ካልሰጠ ማን ይገዛው ነበር የሚል ካለ፣ ምናልባት ማንም፤ ያ ግን ቀድሞ መጨረስን እንጂ ቀድሞ መፈረምን አያስገድድም።

ከ2023 ጀምሮ ኩባንያው የኢንቨስትመንት ድርጅቱ የብሩክፊልድና የካናዳው ዩራኒየም አምራች የካሜኮ ንብረት ነው፤ ፖላንድም ለመጀመሪያ የኒውክሌር ማመንጫዋ ኤፒ 1000ን መርጣለች። ይህን ሬአክተር ለመግዛት የሚያስብ መንግሥት ሁሉ ስለ ደኅንነቱ በጠየቀበት ትጋት ስለ ውሉም ይጠይቅ፤ ዝርዝር ንድፉ ማለቁን በዓይኑ ይይ፣ ወጪው ቢጨምር ማን እንደሚከፍልም ከፊርማው በፊት በጽሑፍ ያስፍር።