የቁማር ቤት ቁና

በደብረ ማርቆስ ገበያ እኽል የሚሸጥ ሰው ኹሉ ይህን ያውቃል። ነጋዴው በትልቅ ቁና ተቀብሎ በትንሽ ቁና የሚሰፍር ከኾነ፥ ሻጩ ጧት ቢመጣ ወይም ማታ፥ ጥቂት ቢያመጣ ወይም ብዙ፥ መጕደሉ አይቀርም። ሩሌት የሚባለውም ቁማር እንደዚሁ ያለ ቁና አለው።

በአውሮፓ ሥርዓት የሩሌት መንኰራኵር 37 ቤቶች አሉት፤ 18ቱ ቀይ፥ 18ቱ ጥቁር፥ አንዱም ዜሮ የተጻፈበት አረንጓዴ ነው። በአንድ ቍጥር ላይ 1 ብር አስይዞ የረታ ሰው 35 ብር ያተርፋል፤ በትክክል ቢሰፈርለት ግን 36 ብር በተገባው ነበር። ስለዚህ ከተያዘው ከ100 ብር በአማካይ 2 ብር ከ70 ሳንቲም ለቁማር ቤቱ ይቀራል። በአሜሪካ ሥርዓት ዜሮው ኹለት ስለ ኾነ፥ ጕድለቱ 5 ብር ከ26 ሳንቲም ይደርሳል።

ብልኆች ነን የሚሉ ግን፥ «በተሸነፍኹ ቍጥር እጥፍ አስይዛለኹ፤ አንድ ጊዜ ስረታ ኹሉን እመልሳለኹ» ይላሉ። እስቲ እናስላው። ከ10 ብር ዠምሮ እጥፍ እያደረገ በቀይ ላይ 10 ጊዜ በተከታታይ የተሸነፈ ሰው 10,230 ብር ያጣል። ይህ ከ784 ሙከራ አንድ ጊዜ ያኽል ይደርሳል። በቀሩት 783 ሙከራዎች 10 10 ብር ቢያገኝ፥ ድምሩ 7,830 ብር ነው። እንግዲህ በዘዴው ምክንያት 2,400 ብር ጐደለበት እንጂ አልተረፈውም።

«ጥቁር ደጋግሞ ወጥቷልና አኹን ተራው የቀይ ነው» ማለትም ከንቱ ነው። በ1905 ዓ.ም. ነሐሴ 12 ቀን በሞንቴ ካርሎ ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ ሲወጣ፥ ቀይን የተማመኑት ብዙ ገንዘብ አጡ። መንኰራኵሩ ያለፈውን አያስታውስምና።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ነው የሚል አይኑር። በ2010ዎቹ ዓ.ም. በከተሞቻችን የተስፋፉት የእግር ኳስ ውርርድ ቤቶች የሚሰፍሩት በዚሁ ቁና ነው፤ ክፍያው የቤቱን ድርሻ አስቀድሞ ቀንሶ የተወሰነ ነው። ኳስ ዐዋቂ የኾነ ሰው እንኳ መዠመሪያ ይህን ጕድለት መሙላት አለበት።

ስለዚህ የጤፉ ዋጋ ለዘርና ለልጆች ትምህርት የተመደበ ቤተ ሰብ፥ «ዘዴ አገኘኹ» የሚል ልጅ ቢነሣበት፥ ከመርገም ይልቅ እርሳስና ወረቀት ይዞ ከልጁ ጋራ ያስላ። የጠፋውን ለማስመለስ እጥፍ ማስያዝ ዕዳን እጥፍ ማድረግ መኾኑን ልጁ በገዛ እጁ ጽፎ ቢያየው፥ ከብዙ ተግሣጽ ይበልጥ ይጠቅመዋል።