ሁለት ዛፍ የሚወጣ ድርጅት

ሜይ 2024 መጀመሪያ ላይ የጡረታ ሒሳባቸውን ለማየት ስልካቸውን የከፈቱ የአውስትራሊያ የዩኒቨርሲቲ መምህራን በሩ ተዘግቶ ጠበቃቸው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ የአውሮፓውያን ናቸው።) ገንዘባቸውን የሚያስተዳድረው ዩኒሱፐር ከ600,000 በላይ አባላትና ከ120 ቢሊዮን በላይ የአውስትራሊያ ዶላር የያዘ ፈንድ ነው። ገንዘቡ የትም አልሄደም። የጠፋው ገንዘቡን የሚቆጥረውና የሚያሳየው ሥርዓት ነው፤ ያውም ጉግል ክላውድ (ጉግል በኪራይ የሚያቀርበው ሰርቨር) ላይ በሁለት ቦታ ተባዝቶ የተቀመጠ። ሁለቱም አብረው ጠፉ።

ምክንያቱ ሲሰማ ለማመን ይቸግራል። ከአንድ ዓመት በፊት የጉግል ባለሙያዎች ለዩኒሱፐር ክላውዱን ሲያዘጋጁ በውስጥ መሣሪያቸው ላይ አንድ መሞላት ያለበትን ቦታ ባዶ ተዉት። ባዶውን ቦታ ሥርዓቱ በራሱ ጊዜ «የአንድ ዓመት ውል» ብሎ ተረጎመው። ዓመቱ ሲሞላ ሰረዘው። ማስጠንቀቂያ የሚላከው ደንበኛው ራሱ «ሰርዙልኝ» ሲል ስለሆነ፣ ለማንም አልተነገረም።

ዩኒሱፐር ግን የዳታውን ቅጂ ሌላ ኩባንያ ዘንድ አስቀምጦ ነበር። ጉግል በኋላ እንዳብራራው በራሱ የፋይል ማከማቻ ውስጥ የነበሩ ቅጂዎችም ከስረዛው ተርፈዋል። ከእነዚህ ተነስቶ ሥርዓቱ እንደገና ተገነባ፤ አባላቱ ወደ ሒሳባቸው መግባት የጀመሩት ከሳምንት ገደማ በኋላ ነው።

ድርጅቶች በአንድ ክላውድ ይጽኑ ወይስ በብዙ ይበተኑ የሚለው ክርክር ከዚህ አደጋ በፊትም ነበር፤ አደጋው ነዳጅ ጨመረበት። አንዱ ወገን «ሁሉም ነገር በሁለት ክላውድ ላይ እኩል መሥራት አለበት» አለ። ሌላው «ድሮም በራሳችን ሰርቨር ይሻለን ነበር» አለ። ለእኔ ሁለቱም ታሪኩን በደንብ አላዩትም። ዩኒሱፐርን ያዳነው ቆሞ የሚጠብቅ ሁለተኛ ሥርዓት አልነበረም። ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ቅጂ ነበር።

አማዞን በ2006 የፋይል ማስቀመጫና ሰርቨር በኪራይ ማቅረብ ሲጀምር ምርጫው ቀላል ነበር፤ ሌላ ብዙ አከራይ አልነበረምና። ኔትፍሊክስን የመሰለ ኩባንያ በኦገስት 2008 ዳታቤዙ ተበላሽቶ ለሦስት ቀን ዲቪዲ መላክ ካቃተው በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አማዞን ገባ። ጓዙን መጠቅለሉ ብቻ እስከ ጃንዋሪ 2016 ወስዷል። ሰባት ዓመት ማለት ነው፣ ያውም ወደ አንድ ክላውድ፣ ያውም ጎበዝ መሐንዲስ ሞልቶት። «በስድስት ወር ወደ ሦስት ክላውድ እንገባለን» የሚል ዕቅድ ሲቀርብልኝ ይህ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

በኋላ ማይክሮሶፍትና ጉግል ገበያውን ሲቀላቀሉ ክርክሩ እስከ መንግሥት ደጃፍ ደረሰ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ2019 እስከ 10 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል ውል ለማይክሮሶፍት ብቻ ሰጠ። አማዞን ፍርድ ቤት ሄደ። ውሉ በ2021 ተሰረዘና በዲሴምበር 2022 ሌላ ውል ለአማዞን፣ ለጉግል፣ ለማይክሮሶፍትና ለኦራክል ተከፋፈለ። የብሪታንያ የውድድር ባለሥልጣን ደግሞ በ2025 የጥናቱን ውጤት ሲያወጣ፣ የአገሪቱን የክላውድ ገበያ አማዞንና ማይክሮሶፍት እያንዳንዳቸው ከ30 እስከ 40 በመቶ እንደያዙት፣ በዓመት አቅራቢ የሚቀይረው ደንበኛም ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞላ አሳየ። የገባ አይወጣም ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 20 በሰሜን ቨርጂኒያ የአማዞን አንድ ዳታቤዝ የአድራሻ መዝገቡ ባዶ ሆኖበት በዓለም ዙሪያ ያሉ መተግበሪያዎችና ባንኮች ከሥራ ውጪ ሲሆኑ፣ «አንድ ቦታ መሆን ጉዱ ይሄ ነው» የሚለው ድምፅ በረታ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ደግሞ፣ ኦክቶበር 29፣ ማይክሮሶፍት አዙር በራሱ የተሳሳተ ለውጥ ወደቀ። በመካከሉ ከአንዱ ወደ ሌላው የሸሸ ሰው ካለ ዕድለ ቢስ ነው።

እዚህ ላይ «ብዙ ክላውድ» ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም እንደሚጠሩ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ማንም ያላቀደው ነው። ፋይናንስ ክፍሉ አንዱን ይገዛል፣ የዳታ ቡድኑ ሌላውን ይለምዳል፣ ድርጅቱ ሌላ ድርጅት ሲገዛ ሦስተኛውን ይወርሳል። ብዙዎቹ ድርጅቶች ሳይታወቃቸው የሚገኙት እዚህ ነው። ሁለተኛው ሥራን መከፋፈል ነው፤ ድረ ገጹ እዚህ፣ የዳታ ትንተናው እዚያ። ይህ የሚያስኬድ አሠራር ነው። ስናፕ በ2017 አክሲዮን ለሕዝብ ሲያቀርብ ለጉግል በአምስት ዓመት 2 ቢሊዮን ዶላር፣ ለአማዞን ደግሞ 1 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል መዋዋሉን ይፋ አድርጎ ነበር። ሦስተኛው ያው አንድ ሥራ በሁለት ክላውድ ላይ እኩል እንዲሮጥ ማድረግ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲቀጥል። በስብሰባ ላይ ሁሉም የሚስማማበት፣ ሲሠራ ግን ወገብ የሚያጎብጠው ይሄ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚለው አባባል የተነገረ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ለምን ይከብዳል? ፕሮግራሙን ማዛወር በአንጻሩ ቀሏል። ከጉግል ተነስቶ በ2014 ለሁሉም ክፍት የሆነው፣ ታሽገው የተዘጋጁ ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ዛሬ በሦስቱም ትልልቅ ክላውዶች ላይ ይገኛል፤ በእሱ የሚሮጥ ፕሮግራም ከአንዱ ወደ ሌላው ያለ ብዙ ጣጣ ይጓዛል። የማይጓዘው ፕሮግራሙ የተደገፈበት ነገር ነው። ዳይናሞዲቢ የተባለው የአማዞን ዳታቤዝ አዙር ላይ የለም። ይለፍ ቃልና ፈቃድ የሚያስተዳድረው ክፍል በየቤቱ ሌላ ነው። ሠራተኛው ሁሉ የሚገባው በአንዱ ክላውድ መግቢያ ከሆነ ደግሞ፣ ያ በር ሲዘጋ ሁለተኛው ክላውድ ጤነኛ ሆኖም የሚገባበት የለም። ሌሊት ስልክ የሚያነሳው ባለሙያም ሁለቱን እኩል ማወቅ አለበት፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በቀላሉ አይገኝም፣ ሲገኝም ውድ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ዳታው ነው። 100 ቴራባይት ያለው መካከለኛ ድርጅት እንውሰድ። በሴኮንድ 1 ጊጋቢት በሚያሳልፍ መስመር፣ ያለማቋረጥ ቢላክ፣ ከዘጠኝ ቀን በላይ ይፈጃል። መስመሩ 100 ሜጋቢት ከሆነ ሦስት ወር። አማዞን በ2016 100 ፔታባይት የሚጭን ባለ ኮንቴይነር የጭነት መኪና ያስተዋወቀው ለቀልድ አልነበረም፤ ዳታ ሲበዛ ከኬብል ይልቅ መኪና ይፈጥናል። (መኪናውን በ2024 ከአገልግሎት አውጥቶታል።) ዋጋውም ቀላል አይደለም። ዳታ ወደ ክላውድ ማስገባት በነፃ ነው፤ ማስወጣት ነው የሚያስከፍለው። በአማዞን መደበኛ ተመን ለአንድ ጊጋባይት 9 የዶላር ሳንቲም ተብሎ ይጀመርና መጠኑ ሲጨምር ይቀንሳል፤ ያንን 100 ቴራባይት ለማውጣት ወደ 8,000 ዶላር ይጠጋል። ጉግል፣ አማዞንና ማይክሮሶፍት በ2024 መጀመሪያ ላይ ተራ በተራ «ጠቅልሎ ለሚወጣ ደንበኛ ይህን ክፍያ ትተናል» አሉ። የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ሕግ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ የመቀየሪያ ክፍያም ከጃንዋሪ 12 ቀን 2027 ጀምሮ ይቀራል። ልብ በሉ፤ ምሕረቱ ጠቅልሎ ለሚወጣ ነው። በሁለት ክላውድ መካከል በየቀኑ ዳታ የሚያመላልስ ድርጅት በአብዛኛው ሒሳቡ በየወሩ ይመጣለታል።

ስለዚህ ወደ ሁለት ክላውድ የመሄድ ዕቅድ የሚጀምረው ክላውድ ከመምረጥ ሳይሆን ያለውን ከመቁጠር ነው። ቆጠራው አሰልቺ ነው፤ ማንም አይወደውም። የትኛው ፕሮግራም ከየትኛው ጋር ይነጋገራል? በየወሩ መጨረሻ ሌሊት ብቻ የሚነሳ፣ የጻፈውም ሰው ከለቀቀ የቆየ ሥራ አለ? ክላውዱ የተመዘገበው በድርጅቱ ስም ነው ወይስ በአንድ ሠራተኛ የግል ኢሜይል? ይህን ያልቆጠረ ድርጅት ወደ ሁለት ክላውድ ቢሄድ ችግሩን አባዝቶ ይዞ ይሄዳል። ቆጠራው ሲያልቅ ብዙ ጊዜ የሚገኘው፣ ሁለት ቦታ መሮጥ ያለበት ሥራ ከሁለትና ከሦስት እንደማይበልጥ ነው። አንዳንዱም ከነጭራሹ መዘጋት ያለበት ሆኖ ይገኛል።

ቀጥሎ ልምምድ ነው። እዚህ ላይ የብሪታንያውን ቲኤስቢ ባንክ ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ቲኤስቢ የተዛወረው ወደ ኪራይ ክላውድ አልነበረም፤ ከቀድሞ ባለቤቱ ከሎይድስ ሥርዓት ወጥቶ፣ ያኔ አዲስ ባለቤቱ የነበረው የስፔኑ ሳባዴል ወዳሠራው ሥርዓት ነው። ግን የጓዝ ማዛወር ትምህርት እንደ እሱ የተሰነደ የለም። ኤፕሪል 2018፣ በአንድ የሳምንት መጨረሻ ውስጥ፣ ከ5 ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን በአንድ ጊዜ አሻገረ። ዳታው በሰላም ተሻገረ። እሑድ ማታ በሩ ሲከፈት ግን ሥርዓቱ ተንገዳገደ፤ አንዳንድ ደንበኛ የሌላ ሰው ሒሳብ አየ፤ እስከ 1.9 ሚሊዮን ሰው ከሒሳቡ ውጪ ሆነ። በኋላ የተካሄደው ምርመራ ካወጣቸው ነገሮች አንዷን ብቻ ላንሳ። አዲሱ ሥርዓት በሁለት ዳታ ሴንተሮች ላይ እኩል እንዲሮጥ የታሰበ ነበር። ሁለቱ መንትያ ናቸው ተብሎ የብዙ ሰው ጫና ፈተናው የተደረገው በአንዱ ላይ ብቻ ነው። መንትያ አልነበሩም። አወቃቀራቸው እንደሚለያይ የታወቀው ደንበኛው ከገባ በኋላ ነው።

ባንኩ ሙሉ በሙሉ ወደ መደበኛ ሥራው የተመለሰው በዲሴምበር ነው። ኪሳራው 330 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ጥሎት የሄደው ደንበኛ 80,000፣ ከአራት ዓመት በኋላ የመጣው ቅጣት ደግሞ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በዚያው ዓመት ለቀቁ፤ የዚያን ጊዜው የመረጃ ቴክኖሎጂ ኃላፊ በ2023 ከኪሳቸው የሚከፈል ቅጣት ተጣለባቸው። በዚህ ሥራ አለቃ ለሆነ ሰው የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከቀሩት ሁሉ በላይ እንቅልፍ የምትነሳ ናት።

የሚሻለው ጥቂት በጥቂት መሻገር ነው፤ መጀመሪያ የራስን ሠራተኞች፣ ከዚያ ከመቶ አንዱን ደንበኛ። የማሻገሪያዋ ሌሊት ራሷ በደንብ ከታቀደች አሰልቺ ትሆናለች። ከቀናት በፊት የድረ ገጹ አድራሻ በዓለም ላይ የሚታወስበት ጊዜ ከ86,400 ሴኮንድ፣ ማለትም ከአንድ ሙሉ ቀን፣ ወደ 300 ሴኮንድ ዝቅ ይላል፤ ነገር ቢበላሽ በአምስት ደቂቃ ወደ ነበሩበት ለመመለስ። አሮጌው ዳታቤዝ እንዲነበብ ብቻ ይደረጋል። የመጨረሻዎቹ ለውጦች ይሻገራሉ። አንድ ሰው የሁለቱን ወገን መዝገብ ቁጥር ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ያመሳክራል። «እንቀጥል ወይስ እንመለስ» የሚለውን የሚወስነው አንድ ሰው ነው፤ ስሙም የመመለሻው ሰዓትም አስቀድሞ ተጽፏል። አዲሱ ዳታቤዝ አንድ ቀን ሙሉ ሽያጭ ከመዘገበ በኋላ መመለስ ማለት ያንን ቀን መጣል ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱ ካለፈ መንገዱ ወደፊት ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ይህን ሲያቅድ የሚጨመርበት የራሱ ሒሳብ አለ። ሦስቱም ትልልቅ ክላውዶች ኢትዮጵያ ውስጥ ማዕከል የላቸውም፤ አፍሪካ ውስጥ የከፈቱት ደቡብ አፍሪካ ነው። ክፍያው በዶላር ነው። ጁላይ 2024 መጨረሻ ላይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅ 120 አለፈ። በወር 2,000 ዶላር የሚከፍል ድርጅት አንድ ሰርቨር ሳይጨምር ከ114,000 ብር ወደ 240,000 ብር ወጣ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰዎችን ዳታ ከአገር ለማውጣት ሁኔታዎችን ያስቀምጣል። ለእንደዚህ ያለ ድርጅት ሁለተኛው ክላውድ ሌላ የውጭ ኩባንያ መሆኑ ግዴታ አይደለም። አንዱ እግር አገር ውስጥ ባለ ዳታ ሴንተር፣ ሌላው ውጭ ቢሆን፣ ለሕጉም ለምንዛሪውም የተሻለ ይሆናል ባይ ነኝ።

በአውሮፓ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ወሳኝ ሥራቸውን ከሰጡት አቅራቢ እንዴት እንደሚወጡ የተጻፈና የተፈተነ ዕቅድ እንዲኖራቸው በሕግ ይገደዳሉ። የተጻፈው ብዙ ቦታ አለ። ለፈተናው አንድ ቅዳሜ ይበቃል፤ የመጀመሪያውን ክላውድ እንደሌለ ቆጥሮ፣ ከሁለተኛው ዘንድ ያለውን ቅጂ ባዶ ማሽን ላይ መክፈት። በዚህ ጊዜ ደጋግሞ የሚያጋጥም ነገር አለ። ቅጂው ሙሉ ነው፣ ፋይሉ አልተበላሸም፣ ግን ለደኅንነት ሲባል ተቆልፏል። የሚከፍተው ቁልፍ የተቀመጠው ደግሞ የመጀመሪያው ክላውድ ቁልፍ ማስቀመጫ ውስጥ ነው።